የሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ዒላማ

«ኮዮቴ» የሚለው ቃል በእኛ በስደተኞች ጆሮ ሁለት ትርጉም አለው። ከብራዚል ተነሥቶ፣ የዳርየንን ጫካ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ በኩል አሜሪካ የገባ ወገናችን ኮዮቴ ሲባል ትዝ የሚለው ገንዘብ ተቀብሎ ድንበር የሚያሻግረው ደላላ ነው። በዴንቨር ወይም በዳላስ ዳርቻ ቤት ገዝቶ የሚኖረው ደግሞ ትዝ የሚለው ሌሊት ከጓሮው ማዶ የሚያላዝነው፣ የጎረቤት ድመት የሚወስደው አውሬ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ባለ አራት እግሩ ነው። ባለ ሁለት እግሩን ለሌላ ሳምንት እናቆየው።

ነገሩን ያነሣሁት እንዲያው ለወግ አይደለም። ከኮሎራዶ ምሥራቃዊ ሜዳ አንድ አንባቢያችን ደወሉልኝ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ በዕድሜ ታላቄ ስለሆኑ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ከታክሲ ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ ትንሽ መሬት ያለው ቤት ገዝተው ሠላሳ የሚያህሉ ፍየሎች ያረባሉ። ለገናና ለፋሲካ በአካባቢው ያለው ሐበሻ የሚሄደው ወደ እርሳቸው ነው። በዚህ ዓመት ኮዮቴ ሰባት ግልገል ጨረሰባቸው። እርሳቸውም ጠመንጃ ገዙ። አንድ ቀን ንጋት ላይ አውሬውን ከአጥሩ ሥር አገኙትና ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሁለቱ ሳቱ፣ ሦስተኛው ሆዱ ላይ አረፈ። ኮዮቴው እየጮኸ አጥሩን ሾልኮ ጎረቤት ግቢ ገባ። የጎረቤትየው ልጆች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቆመው ሲጠብቁ አንጀቱን እየጎተተ በፊታቸው አለፈ። ሬሳው የተገኘው በማግሥቱ ነው። ጎረቤትየው ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ካየ ሸሪፍ እንደሚጠራ ነገራቸው።

ጋሼ ይህን ሁሉ ካጫወቱኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ተኩስ አላውቅም አልልህም። ግን የዚህ አውሬ ሞቱ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ለትምህርት ካንሳስ በነበርኩበት ጊዜ አብሮኝ ይማር ከነበረ የገበሬ ልጅ አደን ተምሬ፣ ጋዜጠኝነቱን ከተውኩ በኋላም በረዶ በጣለ ቁጥር ሜዳ መውጣቱን አልተውኩትም። ስለዚህ የማውቀውን እነሆ ልበል። መልሱን በአጭሩ ለሚፈልግ፦ የኮዮቴ ሞቱ ያለው የሲኒ ማስቀመጫ በምታክል ቦታ ላይ ነው። ጥይትዎ እዚያች ላይ እንደሚያርፍ እርግጠኛ ካልሆኑ አይተኩሱ። ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ቀበሮ ነው ወይስ ተኩላ?

ብዙዎቻችን ኮዮቴን «ቀበሮ» እንለዋለን። ቀበሮ አይደለም። በሳይንሱ ካኒስ ላትራንስ ይባላል፤ «ጯሂው ውሻ» እንደማለት ነው። ስሙን በ1823 እ.ኤ.አ. ያወጣለት አሜሪካዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቶማስ ሴይ ነበር። ኮዮቴ የሚለው ቃል ራሱ ከሜክሲኮ የናዋትል ቋንቋ በስፓኞች በኩል የመጣ ነው። ዘመዶቹ ውሻና ተኩላ ናቸው። የባሌና የሰሜን ተራሮቹ የእኛ ቀይ ቀበሮም በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዘሩ ከተኩላ ወገን ስለሆነ ለኮዮቴ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የእኛው በመቶዎች ብቻ የቀረ ጥብቅ አውሬ ሲሆን ኮዮቴ ግን ከሐዋይ በቀር በሁሉም የአሜሪካ ስቴት ውስጥ መገኘቱ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ይገድላል፤ እነርሱ ግን ይራባሉ እንጂ አይጠፉም።

ለተኳሹ ዋናው ቁም ነገር የአውሬው መጠን ነው። በምዕራቡ ሜዳ አንድ ኮዮቴ ከ20 እስከ 35 ፓውንድ ቢመዝን ነው፤ ከ9 እስከ 16 ኪሎ መሆኑ ነው። ከአንድ ደኅና ፍየል ያንሳል። ሲታይ ግን ትልቅ ይመስላል። የሚያታልለው ጠጉሩ ነው። በብርድ ወራት ጠጉሩ ወፍሮ፣ ከሆዱና ከደረቱ ሥር ተንዠርጎ፣ ጀርባውም ላይ ቆሞ ሲታይ አካሉን በእጥፍ ያገዝፈዋል። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ የተኮሰ ሰው ጠጉሩን አበጥሮለት ይሰዳል። ከፍ አድርጎ የተኮሰም እንደዚሁ በጀርባው ላይ ያሳልፋል። ያነጣጠሩት ጠጉሩ ላይ ሳይሆን ከጠጉሩ ውስጥ ያለው ገላ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ቅርጫ የገባ ሰው ያውቀዋል

የአውሬን ውስጣዊ አካል ለመረዳት የሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ቅርጫ ገብቶ ሥጋ ሲመደብ ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከፊት ወርች አለ። በሁለቱ ወርቾች መካከል ከታች በኩል ፍርምባው አለ። ከወርቹ ኋላ ጎድኑ ይቀጥላል፣ ከጎድኑ ኋላ ሽንጥ፣ ከሽንጥ በታች ሆድ፣ በመጨረሻ ታፋ። ኮዮቴም አሠራሩ ይኸው ነው።

ልብ ያለችው ዝቅ ብላ፣ ከፍርምባው በላይ፣ በሁለቱ ወርቾች መካከል ነው። ሳንባ ከልብ በላይና ወደ ኋላ ተዘርግቶ የፊተኛውን ጎድን ይሞላል። ልብና ሳንባ ያሉበት ይህ ክፍል ከጎን ሲታይ ስፋቱ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ያልኩት ለዚህ ነው። ጥይት ሁለቱን ሳንባዎች በስቶ ካለፈ ወይም ልብን ከመታ አውሬው ወዲያው ይወድቃል፤ ቢሮጥም ጥቂት ርምጃ ነው። ከዚያ ክብ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ካለፈ ግን ጨጓራና አንጀት ነው። ሆዱን የተመታ ኮዮቴ ሮጦ ይሰወራል፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ተሠቃይቶ ይሞታል። የጋሼ ሦስተኛ ጥይት ያረፈችው እዚያ ነው። በሞትና በሥቃይ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ብቻ ነው ማለት ነው።

አቋቋሙ ይወስናል

ኮዮቴ ሁልጊዜ ጎኑን ሰጥቶ አይቆምልንም። እንደ አቋቋሙ የማነጣጠሪያው ነጥብ ይለዋወጣል።

ጎኑን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ ከቆመ ከሁሉ የተሻለው ዕድል ይህ ነው። የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትሎ ዓይንን ወደ ላይ መውሰድና ከሰውነቱ ቁመት ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ወርቹ ካለቀበት ልክ ኋላ ማነጣጠር ነው። እዚያ ከፍ ቢል ሳንባ ነው፣ ዝቅ ቢል ልብ ነው።

ፊት ለፊት ከመጣ፣ በተለይም በጥንቸል ጩኸት ተጠርቶ የሚመጣ ኮዮቴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ዒላማው ጉሮሮው ካለቀበት በታች የደረቱ መካከል ነው። እዚህ ላይ ስፋቱ ከመዳፍ አይበልጥም። ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያለ ጥይት ወርቹን ብቻ ሰብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቅርብ ካልሆነና ቀጥ ብሎ ካልቆመ መታገሥ ይሻላል።

በሰያፍ ጀርባውን ሰጥቶ ከቆመ ጥይቱ በቅርቡ በኩል ከኋለኛው ጎድን ገብቶ በማዶ ወርች በኩል እንዲወጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ብልሃቱ የሚታየውን ጎን ትቶ የማይታየውን የማዶውን ወርች ማለም ነው። በሰያፍ ፊቱን ከሰጠ ደግሞ የቅርቡ ወርች አጥንት መንገድ ይዘጋል። ለኮዮቴ የሚሸጡት ፈጣንና ልባሳቸው ስስ የሆነ ጥይቶች አጥንት ላይ ሲያርፉ ከላይ ፈንድተው ሊቀሩ ይችላሉ። አውሬው ይቆስላል እንጂ አይሞትም። በዚህ አቋቋም ላይ ካለ ዞር እስኪል መጠበቅ ነው።

የማይተኮሱ ሦስት ተኩሶች አሉ። አንደኛው ጭራውን ሰጥቶ የሚሄድ ነው። ጥይት በታፋና በአንጀት በኩል ዞሮ ልብ አይደርስም። ሁለተኛው ጭንቅላት ነው። ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ጭንቅላት ይወዳል። የኮዮቴ አንጎል ግን ትንሽ ነው፤ ጭንቅላቱም ከሰውነቱ ሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ ክፍል ነው። አንጎሉን የሳተ ጥይት መንጋጋውን ይሰብራል፤ መንጋጋው የተሰበረ አውሬ በረኃብ ነው የሚሞተው። ሦስተኛው ሯጩ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ኮዮቴ በሰዓት 30 ማይል ቢሮጥ በአንድ ሴኮንድ 13 ሜትር ያህል ይሄዳል። ባለ 223 ጥይት 200 ያርድ ለመድረስ ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ትንሽ ያለፈ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት አውሬው ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ተጉዟል። የቱን ያህል ቀድሜ ላነጣጥር ብሎ በግምት የሚተኩስ ሰው ሲኒ ማስቀመጫዋን የሚያገኛት በዕድል ብቻ ነው።

ለሯጩ ሌላ መላ አለ። ልምድ ያላቸው አዳኞች አፋቸውን ከፍተው እንደ ውሻ አንድ ጊዜ «ዉፍ» ይላሉ። ኮዮቴ ድምፁን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ምን መጣ ብሎ ይቆማል። የሚቆመው ለሁለት ለሦስት ሴኮንድ ነው። ጠመንጃው አስቀድሞ ተደግፎ፣ ዓይን ከመነጽሩ ጋር ተገናኝቶ ከጠበቀው ያ ጊዜ ይበቃል። ከቆመ በኋላ ጠመንጃ ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው ግን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው ነው።

ስንት ያርድ ይችላሉ?

ሱቅ ውስጥ ጠመንጃ ሻጩ «ይህ መሣሪያ 400 ያርድ ይመታል» ይላል። እውነቱን ነው፤ መሣሪያው ይመታል። ጥያቄው እኛ እንመታለን ወይ ነው።

በ100 ያርድ ላይ ጥይቶቹን በ1 ኢንች ውስጥ የሚሰበስብ ጠመንጃ በ200 ያርድ በ2 ኢንች፣ በ300 ያርድ በ3 ኢንች ውስጥ ይሰበስባል። ይህ ግን ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ሲተኮስ ነው። በብርድ፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ፣ ልብ እየመታ፣ ጣት ደንዝዞ የሚተኮሰው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁኔታ በ100 ያርድ ላይ 3 ኢንች የሚበትን ተኳሽ በ200 ያርድ 6 ኢንች ይበትናል። ሲኒ ማስቀመጫዋ ደግሞ 4 ኢንች ናት። ስለዚህ ለዚህ ሰው 200 ያርድ ሩቅ ነው፤ የገዛው መሣሪያ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን።

ሁለተኛው የጥይቱ መውረድ ነው። ባለ 55 ግሬን የ223 ጥይት በ200 ያርድ ልክ እንዲመታ ከተስተካከለ በ100 ያርድ ላይ ከ1 ኢንች ተኩል እስከ 2 ኢንች ከፍ ይላል። ይህ ብዙ አይጎዳም። በ300 ያርድ ግን እንደ ጥይቱ ዓይነት ከ6 እስከ 9 ኢንች ይወርዳል። ልብ ላይ ያነጣጠረ ሰው መሬት መታ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ነፋስ ነው። የምሥራቅ ኮሎራዶና የካንሳስ ሜዳ ነፋስ አያጣም። በሰዓት 10 ማይል ከጎን የሚነፍስ ነፋስ ያንን ቀላል ጥይት በ200 ያርድ ላይ 4 ኢንችና ከዚያ በላይ፣ በ300 ያርድ ከ9 ኢንች በላይ ወደ ጎን ይገፋዋል። ሲኒ ማስቀመጫዋ ከመካከሏ እስከ ጠርዟ 2 ኢንች ብቻ እንደሆነች እናስታውስ። ነፋሱ ከአውሬው ራስ ወደ ጭራው እየነፈሰ ከሆነ ሳንባ ላይ የተላከው ጥይት አንጀት ላይ ያርፋል። ተኳሹም «በደንብ አልሜ ነበር እኮ» ይላል። አዎን፣ አልሟል። ነፋሱን ግን አልጠየቀም።

ታዲያ የራስን ልክ እንዴት ማወቅ ይቻላል? ዘዴው ቀላል ነው። ካርቶን ላይ የሲኒ ማስቀመጫ አስቀምጦ ዙሪያዋን በእስክሪብቶ መክበብ፤ እንዲህ ያለ አሥር ክብ መሥራት። ከዚያ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄዶ፣ ጠረጴዛውን ትቶ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጠመንጃውን በሜዳ በሚይዙት የድጋፍ ዘንግ ላይ አሳርፎ በእያንዳንዱ ክብ ላይ አንድ አንድ ጥይት መተኮስ። በመካከሉ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፤ ምክንያቱም ኮዮቴ ላይ የምትቆጠረው የመጀመሪያዋ ጥይት ናት። በ100 ያርድ ላይ ከአሥሩ ዘጠኙ ክቡ ውስጥ ከገቡ ወደ 150 ማለፍ። ዘጠኝ ማግባት ያቃተበት ቦታ ላይ የዚያ ሰው መንገድ ያበቃል። ያ ቁጥር 120 ያርድ ከሆነ 120 ያርድ ነው። ከዚያ በላይ የቆመው ኮዮቴ ገና የእርስዎ አይደለም።

አተኳኮሱም የራሱ ሥርዓት አለው። ትንፋሽን ግማሽ አውጥቶ መያዝ፣ ቃታውን በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ መጭመቅ፣ ጥይቱ ከወጣ በኋላም ጭንቅላትን ከሰደፉ አለማንሣት። የት አረፈ ብሎ ቀና የሚል ሰው ጥይቱ አፈሙዙን ሳይለቅ ነው ጠመንጃውን የሚያነቃንቀው።

ይህን ስጽፍ አያቴ ትዝ ይሉኛል። አንድ አሮጌ ምንሽር ነበራቸው። ጥይቱ የሚገዛው በፍሬ ተቆጥሮ ነበር። አንድ ፍሬ ለማግኘት የሚወጣውን እህል ስለሚያውቁ ጥይት ያባከነ ሰው በመንደሩ ጠጅ ቤት ለሳምንት መሳለቂያ ይሆን ነበር። እዚህ አሜሪካ ጥይት እንደ ክብሪት በፓኮ ይሸጣል። ርካሽነቱ አንዱ ካልመታ ሌላው ይመታል የሚል ልማድ አስተምሮናል። ጋሼ ሦስት ጊዜ መተኮሳቸው ከአገር ቤት የመጣ ልማድ አይደለም፤ እዚህ የተገኘ ነው።

ከመተኮስ በፊት ሁለት ጥያቄ

አንደኛው ጥያቄ «በእርግጥ ኮዮቴ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ንጋትና ምሽት ላይ ግራጫ ነገር ሲንቀሳቀስ የጎረቤት ውሻም ሊሆን ይችላል። ለኮሎራዶ ሰዎች ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በ2020 የስቴቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ተኩላ እንዲመለስ ወሰነ፤ በዲሴምበር 2023ም ከኦሪገን የመጡ 10 ተኩላዎች ተለቀቁ። ተኩላ መግደል በሕግ ያስጠይቃል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ተኩላ ሚዛኑ ከኮዮቴ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፣ አፉ ሰፊ፣ ጆሮው አጠር ብሎ ክብነት ያለው፣ እግሩ ረጅምና መዳፉ ትልቅ። ኮዮቴ አፈ ሹል፣ ጆሮው ከፊቱ አንጻር ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። በሰሜን ካሮላይና እጅግ ጥቂት ቀይ ተኩላዎች በኮዮቴ ስም እየተተኮሱ ስላለቁ፣ በ2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት በአምስት ካውንቲዎች ውስጥ የኮዮቴ አደንን፣ ከጥቂት ሁኔታ በቀር፣ እስከ ማገድ ደርሷል። «መስሎኝ ነው» ማለት ዳኛ ፊት ብዙ አያስኬድም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከአውሬው ኋላ ምን አለ?» የሚለው ነው። የ223 ጥይት ወደ ላይ ከተተኮሰ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ኮዮቴው ኮረብታ አናት ላይ ሰማይን ተደግፎ ከቆመ የሳተውም ሆነ በስቶ ያለፈው ጥይት የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ከኋላው የአፈር ግድግዳ፣ ቁልቁለት ወይም ጉብታ ከሌለ ተኩስ የለም። የጋሼ ሁለቱ የሳቱ ጥይቶች የሄዱት ወደ ጎረቤት ቤት አቅጣጫ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ኮዮቴ ባልሆነ ነበር።

የወረቀቱ ነገር

ይህኛው ለእኛ ለስደተኞች ከዒላማውም ይብሳል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ግሪን ካርድ የምንለውን፣ የያዘ ሰው ጠመንጃ መግዛትና መያዝ ይችላል። ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖር ሰው ግን ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ ክልክል ነው፤ የጓደኛ ጠመንጃ ለአንድ ቀን መያዝም እንኳ። በተማሪነት፣ በጎብኚነትና በመሳሰለው ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከ1998 ወዲህ፣ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንደመያዝ ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት በቀር እንደዚሁ የተከለከለ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ወገን ጠበቃውን ሳይጠይቅ ጠመንጃ ባይነካ ይሻለዋል። በጦር መሣሪያ ጉዳይ መቀጣት ግሪን ካርድ ያለውንም ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ለአንድ ግልገል ብሎ ስንት ዓመት የተለፋበትን ወረቀት ማጣት ምን ይባላል?

የአደን ፈቃድም አለ። በቴክሳስ ኮዮቴ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል፤ ለአዳኙ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ አዳኝም የአደን ትምህርት መውሰድ አለበት። በኮሎራዶ የአደን ትምህርቱ ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደን ሁሉ ይመለከታል። በካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት አውሬ ማደን ክልክል ነው። ከብቱን ለሚከላከል ባለ መሬት የተለየ ደንብ ያለበት ስቴት አለ፤ በከተማ ክልል ውስጥ መተኮስ የሚከለከልበትም ብዙ ነው። የስቴቱን የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ደውሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ከተኩሱ በኋላ

ኮዮቴው ከወደቀ ወዲያው ወደ እርሱ መሮጥ አይገባም። ጠመንጃውን አጉርሶ በመነጽሩ እየተመለከቱ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፤ ከተነሣ ሁለተኛውን ጥይት ያለ ማመንታት መጨመር። ቆስሎ ከሮጠ የቆመበትን ቦታና የሄደበትን አቅጣጫ በአንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ለይቶ ማስታወስ፤ ከዚያ ደሙንና ጠጉሩን ተከትሎ እስከ መጨረሻው መፈለግ። ቀይ አረፋማ ደም ሳንባ መመታቱን ያሳያል፤ ሩቅ አይሄድም። ቡናማና የሚሸት ፈሳሽ የሆድ ነው፤ ያን ቀን ሥራ ፈትቶም ቢሆን መፈለግ የተኳሹ ዕዳ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል የአገራችን ሰው። ኮዮቴ ከሶ ሸንጎ አያቆመንም፤ ዕዳው ግን ያው ዕዳ ነው።

ፍየል ለሚያረቡ ሁሉ አንድ ነገር ልጨምር። ጥይት ብቻውን ግልገል አያድንም። አንዱን ሲገድሉት ቦታውን ሌላው ይይዘዋል። ግልገሎቹን ማታ በጠባብ በረት መዝጋት፣ አጥሩን ከሥር ማጥበቅ፣ ግሬት ፒሬኒስ የሚባለውን ትልቅ ነጭ የእረኛ ውሻ ማሳደር ከጠመንጃው ይቀድማል። እዚህ አገር አህያም ለጥበቃ ትቀጠራለች፤ ኮዮቴ ሲጠጋ ትጮኻለች፣ ታባርረዋለች፣ ትራገጣለች። እኛ ዘንድ የጅብ እራት የነበረችው አህያ አሜሪካ መጥታ ዘበኛ ሆናለች። ስደት የማያስተምረው የለም!

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም በረት የለመደ አንድ ኮዮቴ ካለ ያን ጊዜ ጠመንጃው ይውጣ። ልምምድ ላይ የተወሰነው ርቀት ውስጥ እስኪገባ፣ ጎኑን እስኪሰጥ፣ ኋላው አፈር እስኪሆን፣ ነፋሱ እስኪታወቅ ይጠበቅ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቃታው ሳይሳብ ይዋል። ኮዮቴ ነገም ይመጣል፤ በረት የለመደ አውሬ አይቀርም። የተተኮሰች ጥይት ግን አትመለስም።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን።